“የቅንጅት ጉድለት” የሚባል ነገር የለም

“ችግሩ በተቋማት መካከል ያለ የቅንጅት ጉድለት ነው።” ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰማናት? አስፋልቱ በተነጠፈ ማግስት ለውሃ መስመር ሲቆፈር እሷው፤ ኤክስካቫተር ፋይበር በጥሶ ሰፈሩ ኔትወርክ ሲያጣ እሷው። እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደች ትመስላለች። ኧረ ተዉ! ቀን፣ በጀትና ተጠያቂ ሰው ውሉ ላይ ካልተጻፈለት ቅንጅቱ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ያልነበረ ነገር ደግሞ አይጎድልም።

“አሜሪካ ተቀምጦ መተቸት ቀላል ነው” የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ የአሜሪካውን ላንሳ። ሲያትል ያላችሁ ወገኖቼ የባሕሩን ዳርቻ ታውቁታላችሁ፤ ባለሁለት ደርቡ የአላስካን ዌይ ድልድይ ፈርሶ መንገዱ ዋሻ ውስጥ የገባበትን። እዚያ መሬት ስር መብራት፣ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ጋዝና ስልክ ተደራርበው ተኝተዋል። ድልድዩ ላይ የተንጠለጠሉ የከፍተኛ ኃይል መስመሮችም ነበሩ፤ የደቡቡን ጫፍ መስመር መሬት ውስጥ ማስገባቱ ዋሻው መቆፈር ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ለብቻው እንደ አንድ ሥራ ተይዞ ተሠራ። መዘግየት ነው ያለው የለም፤ የፕሮጀክቱ አካል ነበራ።

ሲያትል ቅድስት ናት እያልኩ አይደለም። “በርታ” የምትባለዋ ግዙፍ ቆፋሪ ማሽን (ስሟ ለእኛ ጆሮ ማበረታቻ ይመስላል፤ አልበረታችም እንጂ) እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ቀጥ አለች። ከመቆሟ በፊት 8 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቱቦ መትታ ነበር። ማን ቀበረው? ራሱ የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ በ2002 የከርሰ ምድር ውሃ ለመለካት። ቁፋሮው ሁለት ዓመት ገደማ ቆመ። ተቋራጩ “ማሽኔን ያበላሸው ቱቦው ነው” አለ፤ ግዛቱ “በሰነድ ነግሬሃለሁ” አለ። በ2019 ጁሪው ለግዛቱ ፈርዶ ተቋራጩ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ።

ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤት የተከራከሩት ስለ ቱቦው ማን ያውቅ ነበር፣ የትኛው ሰነድ ላይ ተጽፏል በሚለው ነው። “የቅንጅት ጉድለት ነው” ብሎ ወደ ቤቱ የገባ የለም።

የውሃ ዳርቻ ላይ ነገሩ የሚብሰው ደግሞ ለምን እንደሆነ ተማሪዎቼ አትረሱትም። ፍሳሽ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዋና ዋና የፍሳሽ መስመሮች ወንዝና ባሕር ተከትለው ይቀበራሉ። ቀበና ወንዝ ዳር የእግር መንገድና መናፈሻ ስትሠራ የምትቆፍረው ሣሩን ብቻ አይደለም። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚተኛው የፍሳሽ ቱቦ ከተሰበረ ከላይ ያለው ሰፈር ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም።

“ልማቱን በቢሮክራሲ አናዘግይ” የሚለው ክርክር ነው በጣም የሚያናድደኝ። ፍጥነቱን ማን እየከፈለለት ነው? ውሃ ሲቋረጥ ጄሪካን ይዛ የምትሰለፈዋ እናት፣ መብራት ጠፍቶ ሊጡ የሚበላሽበት ዳቦ ቤት። የእነሱ ወጪ የፕሮጀክቱ ሂሳብ ውስጥ ስላልገባ ነው ሥራው ርካሽና ፈጣን የመሰለን። እዚህ ቆፋሪ ሁሉ አስቀድሞ 811 ይደውላል፤ ባለ መስመሮቹ ሰው ልከው መሬቱን ያቀልማሉ፦ ለመብራት ቀይ፣ ለውሃ ሰማያዊ፣ ለፍሳሽ አረንጓዴ። አንድ ስልክና አንድ ቆርቆሮ ቀለም! አቅም የለንም የምትሉኝ በየትኛው ነው?

እናንተ ዛሬ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ቴሌ ቤት ያላችሁ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዲዛይን ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ከመሬት በታች ያለውን የሚያሳየው ሉህ የታለ በሉ። ከድሮ ካርታ የተገለበጠ ከሆነ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩና በዓይናችሁ እዩ። መስመር የሚዛወር ከሆነ የማዛወሪያው ገንዘብና ቀን ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሥራው ሲያልቅም በእርግጥ የተቀበረበትን ቦታና ጥልቀት የሚያሳይ ንድፍ ሳትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። አለቃ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ፤ ጥያቄያችሁን ግን በደብዳቤ አድርጉት፣ ቀንና ቁጥር ይኑረው።