«ፋብሪካ» ከቀጥቃጭ ቤት የተወለደ ቃል

አቃቂ ቃሊቲ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው ፋብሪካ ነው። ጨርቃ ጨርቅ የተሸመነባቸው፣ ብረት ቀልጦ የማሽን መለዋወጫ የወጣባቸው ተቋማት የአካባቢውን ስምና ኑሮ ለረጅም ዘመን ቀርጸዋል። በፈረቃ ሲወጣ ሲገባ የኖረው ወዛደርም «ፋብሪካ»ን ከእንጀራው ለይቶ አያየውም። ይሁን እንጂ ቃሉ ባዕድ ነውና የኢንዱስትሪ ጥበብም ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው ወደሚል ድምዳሜ የሚቸኩሉ አልጠፉም። ይህ አስተሳሰብ የቃሉን ታሪክ ካለመመርመር የመነጨ ስሕተት ነው።

«ፋብሪካ» ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ ጣሊያንኛም ከላቲን ወርሶታል። በላቲን «ፋቤር» ብረትን፣ እንጨትንና ሌላውንም ጠጣር ነገር የሚሠራ ባለእጅ ነው፤ «ፋብሪካ» ደግሞ የእርሱ የሥራ ቤት ነበር። እንግዲህ የቃሉ አባት ባለገንዘቡ ሳይሆን መዶሻ የጨበጠው ሠራተኛ ነው። ይኸው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ «ፎርዥ»፣ ማለትም የብረት መቀጥቀጫ ቤት ሆነ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። የዛሬው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሐሰተኛውን ሰነድ «ፎርጅድ» ሲል የሚጠራው ከዚሁ ዘር በወጣ ቃል ነው።

የላቲኑ ባለእጅ ስሙ በፋብሪካ ሲታወስለት፣ የኢትዮጵያው ቀጥቃጭ ምን ስም ተሰጠው? «ጠይብ» የሚለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ሆኖ ሳለ ወደ ስድብነት ወረደ። ለገበሬው ማረሻ የሠራው ሰው ቡዳ ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተወራበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በሽታው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ይመሰክራል።

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን በእጅ ሥራቸው ምክንያት ጋብቻና ማኅበር የሚነፈጋቸው ወገኖች ዛሬም አሉ። ልጁ የፋብሪካ ብረታ ብረት ሠራተኛ ሲሆን ደስ የሚለው ወላጅ፣ ከቀጥቃጭ ቤት ልጅ ሲታጭለት ፊቱን ያጠቁራል። በአቃቂ እቶን የቀለጠውና በገጠር ወናፍ የጋለው ግን ያው ብረት ነው።

ስለዚህ የቋንቋ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሁሉ «ፋብሪካ»ን ከአማርኛ ለማስወጣት ከመድከሙ በፊት፣ «ጠይብ»ን ከስድብ መዝገብ አውጥቶ ወደ ጠቢብነቱ ሊመልሰው ይገባል።