ጎንበስ ስንል

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ውሻ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የጫማዎን ክር ሊያስሩ ጎንበስ ብለው ያውቃሉ? ውሻው ጅራቱን ወሽቆ ሲፈረጥጥ አይተው ይሆናል። ድንጋይ አላነሡም፤ ሊያነሡም አላሰቡም። እርሱ ግን ሰው ለምን እንደሚጎነበስ ከቡችላነቱ ጀምሮ ተምሮታል።

ይህን ያሳሰበኝ በላንቴ ያየሁት ውሻ ነው። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በግራ የጋሞ ተራሮች፣ በቀኝ አባያ ሐይቅ፣ መካከሉ ሙዝ። በዚያ እርሻ ውስጥ አንድ ቀጭን ቡናማ ውሻ ከልጆች ጋር ይሯሯጣል። የመስኖውን ቦይ ይዘላል፤ በሙዙ ግንዶች መካከልም እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይሾልካል (የዶርዜ ሸማኔ በቅርብ አለና ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም)።

በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1978) ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በተባለው የውሾች ትርኢት ላይ፣ የፈረስ ዝላይን አስመስሎ የቀረበ ጨዋታ ዛሬ አጂሊቲ የሚባል ዓለም አቀፍ ውድድር ሆኗል። ውሻው መሰናክል ይዘላል፣ በጨርቅ ዋሻ ያልፋል፣ በተርታ በተተከሉ 12 ዘንጎች መካከል ይጠማዘዛል። እግሩን ብቻ ላየ የላንቴው ውሻ የሚጎድለው ያለ አይመስልም። ነገር ግን በውድድሩ ሜዳ ሰውየው ውሻውን መንካት አይፈቀድለትም፤ በእጁም ገመድ ወይም ምግብ አይዝም። እጁን ዘርግቶ፣ ትከሻውን አዙሮ፣ ድምፁን አሰምቶ ይመራዋል እንጂ። እጅ ሲዘረጋ የሚሸሽ ውሻ እንዴት ይመራል?

ስለዚህም ዐዋቂ አሠልጣኞች ቡችላን ወደ መሰናክል አያጣድፉም። አጥንቱ ሳይጠና ከፍ ያለ ዝላይ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብም 18 ወር ያልሞላው ውሻ አይወዳደርም። እስከዚያው ስሙ ሲጠራ መምጣትን፣ ከሰው ጎን በግራም በቀኝም መሮጥን፣ መሬት ላይ በተጋደመ መሰላል መካከል እየረገጠ የኋላ እግሩን ማወቅን ይማራል። (ውሻ የኋላ እግሩን አያውቅም ቢባል ይገርም ይሆናል፤ የፊቱ ያለፈበትን ሁሉ የኋላው የሚያልፍ ይመስለዋል።) እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው የተዘረጋን መዳፍ በአፍንጫው መንካትን ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቂጣ ቁራሽ ይበቃዋል።

ለሰው ባልተረፈ ቂጣ ምን የውሻ ጨዋታ አመጣብን የሚለኝ አይጠፋም። ፍርሃታችንም ከንቱ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ክትባቱን የሚሰጠው ሰውም ውሻውን መያዝ አለበት። በድንጋይ ያሳደግነው ውሻ በክትባቱ ቀን ከየት ይያዛል? ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ዕድሜው ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን የመጀመሪያዪቱ ድንጋይ የምታገኘው በዚያው ወራት ነው።

ያን ቡናማ ውሻ ልጠራው ሞክሬ ነበር። ተቀምጬ መዳፌን ዘረጋሁለት። ሦስት ርምጃ ሲቀረው ቆመና አንገቱን አሰገገ፤ አፍንጫው ሲርገበገብ አየሁት። በዚህ መካከል ባርኔጣዬ ወደቀ። ላነሣው እጄን ወደ መሬት ስሰድ፣ ሙዙ ውስጥ ጠፋ።