የጉዞ ሰሌዳ የጥናት ስልት አካል ነው፦ ከያቤሎ እስከ ማርሳቢት ካለው መንገድ የተገኘ ትምህርት

በድኅረ ምረቃ ፕሮፖዛሎቻችን ውስጥ የመስክ ጉዞ የሚቀመጠው በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ከበጀት ሠንጠረዥ ሥር ነው። «የመስክ ሥራ፦ 12 ቀን» ተብሎ ይጻፋል፤ የውሎ አበልና የነዳጅ ሒሳብ ይደመራል፤ ገምጋሚዎችም ድምሩን እንጂ ቀናቱን አይመረምሩም። የናሙና አመራረጥና የመጠይቅ ዝግጅት ግን በስልት ምዕራፍ ውስጥ መስመር በመስመር ይፈተሻል። ይህ አከፋፈል ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ሕዝብ ተራርቆ በሚኖርባቸው የድንበር አካባቢዎች መቼ፣ በየት በኩልና በማን እንግድነት እንደምንሄድ የሚደነግገው ሰሌዳ ማንን እንደምናገኝ ይወስናል፤ የምናገኘው ሰው ደግሞ የምንጽፈውን ይወስናል።

ተራርቆ መኖርና ባዶነት

ለማሳያ የምወስደው የኢትዮጵያና የኬንያን ድንበር ነው። ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ እስከ ሶማሊያ ወሰን የሚዘልቀው ይህ ድንበር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1907 በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል በተደረገው ስምምነት ሲሆን፣ ያ መስመር የቦረናን ሕዝብ በሁለት አገር ከፍሎታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ የሆነውን ጌዴኦን በዲላ በኩል ካለፈ በኋላ፣ ያቤሎ ሲደርስ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። ከያቤሎ ሞያሌ ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ማርሳቢት ደግሞ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኬንያ ቆጠራ የማርሳቢት አውራጃ ሕዝብ ወደ 460 ሺህ ነበር፤ ስፋቱ ግን 71 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሰባት ሰው እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ከመኪና መስኮት ሲታይ ይህ ምድር ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። እያንዳንዱ የውኃ ጉድጓድ ባለቤት አለው። ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች «ኮንፊ» በሚባለው ባለመብት ስም ይታወቃሉ፤ የዕለቱን የመጠጣት ተራ የሚያስከብረው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። በበጋ ከብት ውኃ የሚያገኘው በየሦስት ቀኑ ገደማ ነው። ውኃው ከጉድጓዱ ሥር የሚወጣው፣ መሰላል ሠርተው በቆሙ ወጣቶች እጅ ለእጅ እየተቀባበለ፣ በዜማ ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ መኪና ራዲያተሩንና ጄሪካኑን ሲሞላ፣ ካልታየው ወረፋ ላይ የሌላ ሰው ተራ እየወሰደ ነው።

የአንድ ሰሌዳ ውጤት

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ድንበር ዘለል የከብት ንግድን በሚመለከት ጥናት በረዳት አጥኚነት ተሳትፌ ነበር። የጉዞውን ሰሌዳ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ካርታ ዘርግቼ፣ ኪሎ ሜትሩን ለሰዓት አካፍዬ፣ 12 ቀን በቂ ነው ብዬ ወሰንኩ። የካቲትን የመረጥኩት መንገዱ ስለሚደርቅና የትምህርት መርሐ ግብራችን ስለሚፈቅድ ነው። ለመኪናው ስኮርታ ጎማና ናፍታ አስቤያለሁ፤ በኮሜሳ አባል አገሮች የሚያገለግለውን ቢጫ ካርድ መድንም አሟልቻለሁ፤ ሞያሌን ሲሻገሩ ከቀኝ ወደ ግራ መስመር መዛወር እንዳለ ለሾፌሩ አስታውሻለሁ። ሰሌዳው የተሟላ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጉድለት የወጣው በወረቀት ነው። የያዝነው የድጋፍ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ነበርና ከወሰን ማዶ ያነበበው ሠራተኛ ጊዜው ከሰባት ዓመት በላይ እንዳለፈበት ቆጠረው። ሠራተኛው ያነበበው የተጻፈውን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብዳቤው እስኪታረም ሁለት ቀን ባከነ።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ነበር። በየመንደሩ ያገኘናቸው በአብዛኛው እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። «ባለፈው ዓመት ከብት ይዘው ድንበር ተሻግረዋል?» ለሚለው ጥያቄያችን ከመላሾቹ የሚበዙት «አልተሻገርንም» አሉ፤ እኛም መዘገብን። በዘጠነኛው ቀን ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ያገኘናቸው አዛውንት መጀመሪያ «የማን እንግዳ ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። የማንም እንግዳ አልነበርንም። ሥራችንን ካስረዳናቸው በኋላም በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አሉን፦ «የጠየቃችሁት የቀሩትን ነው። የሚሻገሩት ተሻግረዋል።»

ነገሩ ግልጽ ነው። የቦረና ቤተሰብ በበጋ መንጋውን ለሁለት ይከፍላል፤ የሚታለቡት ላሞች ከመንደሩ ሲቀሩ፣ ደረቁ መንጋ በወጣቶች እየተነዳ «ፎራ» ወደሚባለው የራቀ ግጦሽ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ስለጠፋ ፎራው ይበልጥ ርቆ ነበር። እኛ የፈለግናቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። ፎራውን ፈልጎ ለመድረስ ቢያንስ ስድስት ቀን ያስፈልግ ነበር፤ የቀረን ሦስት ቀን ነው፤ የውሎ አበሉም በዚያው ያበቃል። ተመለስን። በሪፖርቱ ውስጥ «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ርእስ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን። ሠንጠረዡ ግን እንዳለ ቀረ፤ ሠንጠረዥን የሚጠቅስ ሰው የውስንነትን ክፍል ሁልጊዜ እንደማያነብ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «የድንበር ዘለል ንግዱ አነስተኛ ነው» የሚል ምክር ቢቀርብ፣ የሚጎዳው ጉድጓዱ አጠገብ ያገኘናቸው ሰዎች ኑሮ ነው።

ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ገጠርን የሚጎበኙ ባለሙያዎች ከዋና መንገድ ዳር ያለውን ብቻ የማየትና በበጋ ብቻ የመጓዝ ዝንባሌ እንዳላቸው አስገንዝበው ነበር። የእኛ ሰሌዳ ሁለቱንም ፈጽሟል። የአርብቶ አደሩ አካባቢ የሚለየው፣ ለመኪና የሚመቸው ወቅት ሰው ከቀዬው የሚርቅበት ወቅት በመሆኑ ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«ይህ ሁሉ የድሮ ችግር ነው» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የጭነት መኪኖች በታጠቀ አጀብ እየተጓዙ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። በሞያሌም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱን አገሮች አገልግሎት በአንድ ቦታ አቀራርቧል። እነዚህ ታላላቅ ለውጦች ናቸው። ነገር ግን አስፋልቱ አንድ መስመር ነው፤ የሚያገለግለውም ከሁሉ በፊት ከከተማ ከተማ የሚያልፈውን ነው። እንዲያውም መንገዱ በተሻለ ቁጥር አጥኚው ከመንገዱ የመውጣት ፍላጎቱ ይቀንሳል። የሁለቱ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ መሻገር መቻላቸውም በኬንያ ምድር የጥናት ፈቃድ ከማግኘት ግዴታ ነፃ አያደርግም።

የበጀት ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። ተጨማሪ ቀን ተጨማሪ አበል ነው፤ የትምህርት ክፍሎቻችን ኪስም ሁላችንም የምናውቀው ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ለ12 ቀን ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከአምስት ቀበሌ ወደ ሁለት መውረድ ይሻላል። የማያገኙትን ሰው ፍለጋ አምስት ቀበሌ መዞር ቁጠባ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው አንድ ተጨማሪ ገጽ ነው፤ ቦታውም በስልት ምዕራፍ ውስጥ እንጂ ከበጀቱ ሥር አይሁን። ይህ ገጽ አምስት ጥያቄዎችን ይመልስ። በተመረጠው ወቅት የሚጠናው ሰው የት ይገኛል? አጥኚው የሚጠቀመው ውኃ ከየት ይመጣል፣ ፈቃዱስ ከማን ይጠየቃል? ደብዳቤዎቹ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች፣ ወዲያ ማዶ በሚነበብ ቋንቋም ተዘጋጅተዋል? አጥኚውን የሚቀበለው ማን ነው፣ አስተርጓሚውስ ከየትኛው ማኅበረሰብ ነው? በግጦሽ ጠብ መካከል ያለ አካባቢ ከሆነ የአስተርጓሚው ወገን አንዱን ደጅ ከፍቶ ሌላውን ሊዘጋ ይችላልና። በመጨረሻም፣ ዝናብ ወይም ጠብ መንገዱን ቢዘጋ የመጠባበቂያ ቀን ስንት ነው? ገምጋሚውም ናሙናውን በሚጠይቅበት ጥብቅነት ይህን ይጠይቅ።

አሁን የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። የመስክ ሥራውን ያቀድኩት ዋናው ዝናብ ከጀመረ በኋላ፣ መንጋው ወደ መንደር በሚመለስበት ወቅት ነው። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ መኪናውም አንዳንድ ቀን አይንቀሳቀስም። እነዚህን የቆሙ ቀኖች በሰሌዳዬ ውስጥ ጽፌአቸዋለሁ፤ ገምጋሚዎቼ እንዳይሰርዟቸው እለምናለሁ።