ስህተትን የሚያውቅ ስሌት



እ.ኤ.አ. በ1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን 28 አሜሪካውያን ወታደሮች በአንድ ሚሳይል ሞቱ። ሚሳይሉን ማክሸፍ የነበረበት የፓትሪዮት መከላከያ ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ስለሠራ፣ የሰዓት ስሌቱ በ0.34 ሰከንድ ገደማ ተዛብቶ ነበር። ጊዜው የሚቆጠርበት 0.1 ሰከንድ በሁለትዮሽ ቁጥር ሲጻፍ ማብቂያ የለውም፤ መሣሪያው ግን በ24 ቢት ቆርጦ ያዘው። የተቆረጠችው ቅንጣት ተጠራቅማ ሕይወት አስከፈለች።

የዚህ እትም ዐቢይ ርእስ እንዲህ ያሉትን የስሌት ስህተቶች የሚያጠናው፣ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኒውመሪካል አናሊሲስ ትምህርት ነው። የ2ን ዳግም ዘር በኒውተን ዘዴ ከ1 ተነሥተን ስንፈልግ 1.5፣ ከዚያ 1.4167፣ ከዚያ 1.41422 እናገኛለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይህ ዘዴ ግን በሦስት እርምጃ ብቻ ከመልሱ ደጃፍ ያደርሳል። ያም ሆኖ የትምህርቱ እምብርት «ከእውነተኛው መልስ ምን ያህል ራቅሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ቀመር ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል። የስሌቱን ፕሮግራም በገዛ እጁ የጻፈና ስህተቱ ሲያድግ በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን ጥያቄውን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ተማሪዎቻችን እርሳስና ኮምፒውተር ይዘው፣ እያሰሉ እንዲያነቡን አደራ እንላለን።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ