ካሮቱን ተዉት፣ ድርቆሽ ግዙላት

ባለፈው ዓመት ለእህቴ ልጅ ሰባተኛ ልደት ጥንቸል ገዛሁላት። ነጭ ነበረች፤ ልጅቷ «በረዶ» ብላ ስም አወጣችላት። ሻጩን «ምን ትበላለች?» ብዬ ስጠይቀው «ካሮት አይጥፋባት እንጂ ያገኘችውን ትበላለች» አለኝ። ብሩን ከፍዬ፣ ካርቶኑን ታቅፌ ሄድኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ሥራዬ መጠየቅ የሆነ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አልጠየቅኩም።

በረዶ ቤታችን ውስጥ የቆየችው ሁለት ወር ከምናምን ነው። ጠዋት ካሮት፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብስኩት፣ ማታ ከእናቴ እጅ የዳቦ ፍርፋሪ። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ሙዝ። እንደ እሷ የተጎረሰ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ማታ ካሮቱን አሸተተችና ተወችው። ጥግ ይዛ ተኮማትራ ተቀመጠች። «ጠግባ ነው» አልን። ቅዳሜም እንደዚያው ዋለች። «ነገ ሐኪም እንጠይቃለን» ተባባልን። እሑድ ጠዋት ደርቃ አገኘናት።

ልጅቷ «አጎቴ፣ እኔ የሰጠኋት ብስኩት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ አሟት ነው» ብዬ ዋሸሁ። ይህን የምጽፈው ያ ውሸት እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

ከዚያ በኋላ አነበብኩ፤ ባለሙያ ጠየቅኩ። ነገሩ ይኼ ነው። የጥንቸል ሆድ የተሠራው እንደ ላም ሣር ለመብላት ነው። ልዩነቱ ላም ሣሩን የምታብላላው ከፊት፣ ጨጓራዋ ውስጥ ሲሆን ጥንቸል ግን ከኋላ፣ ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ባለ ትልቅ ከረጢት ውስጥ መሆኑ ነው። ዕውር አንጀት ይሉታል፤ ከጨጓራዋ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉላት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሻካራው የሣር ክር አንጀቷን እያንቀሳቀሰ አልፎ ያቺ የምናውቃት ክብ፣ ደረቅ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁ ወደ ከረጢቱ ገብቶ ይብላላና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ሆኖ ይወጣል። እሱን ጎንበስ ብላ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች።

እናቴ አንድ ሌሊት ይህን አይታ «ይቺ እንስሳ ጤነኛ አይደለችም» ብላ ነበር። ኋላ ስረዳው ጤነኛ የነበረችው ያኔ ነው። ተጨማሪ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ የምታገኘው ከዚያ ሁለተኛ ዙር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር መቆጠሯን ብዙዎች ከዚህ ልማዷ ጋር ያያይዙታል።

እንግዲህ በዚህ ሆድ ውስጥ በየቀኑ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሙዝና ካሮት ስንጨምርበት ምን ይሆናል? ስኳሩና ስታርቹ የባክቴሪያዎቹን ሚዛን ያናጋዋል። ጋዝ ይሞላል፤ ያማታል። ሲያማት መብላት ትተዋለች። መብላት ስትተው አንጀቷ ይቆማል። አንጀቷ ሲቆም ሕመሙ ይብሳል። ማስታወክ ደግሞ አትችልም። በአዳኝ የሚበላ እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ ድምፅ አታሰማም። ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ያልበላችና በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል ድንገተኛ ታካሚ ናት። እኛ አንድ ቀን ተኩል ጠበቅን።

ጥርሷም አለ። 28ቱም ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ። የሚሞርዳቸው ሣር ማኘክ ነው፤ ብስኩት አይሞርድም።

ታዲያ ካሮቱ ከየት መጣ? ከፊልም ነው። ባግስ በኒ የተባለው የካርቱን ጥንቸል ከ1940 ጀምሮ ካሮት ሲያኝክ ዓለም አየው። ሠሪዎቹ እንደተናገሩት ሐሳቡን የወሰዱት ክላርክ ጌብል በ1934 በወጣ ፊልም ላይ ካሮት እየበላ ከሚያወራበት ትዕይንት ነው። በአንድ ተዋናይ ላይ የተቀለደ ቀልድ ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ድረስ የጥንቸል ቀለብ ሆነ።

የእኛ ችግር ጭካኔ አይመስለኝም። ገጠር ያደገ ሰው በሬ እህል ላይ ወድቆ ከጠገበ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት እንደሚችል ያውቃል። የበግና የላም ዕውቀት ከአያት ቅድመ አያት ወርሰናል። ጥንቸልን ግን አብዛኞቻችን አንበላትም፣ አናረባትም። የምናውቃት አንበሳና ጅብ ስታታልል በተረት ነው። ስለዚህ በማናውቀው ሆድ ላይ የምናውቀውን ፍቅር ጫንንበት፤ «ብይ፣ ብይ፣ በሞቴ» አልናት።

«አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ጥንቸል ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ይህ የቅንጦት ወጪ ጉዳይ አይደለም፤ የበረዶ ብስኩትና ሙዝ ከድርቆሽ ይልቅ ያስወጣን ነበር። ደግሞም ነገሩ የልጆችም ነው። ለልጅ ሕይወት ያለው ነገር በስጦታ ስንሰጥ እንዴት እንደሚኖር ካልነገርናት፣ የምናስተምራት እንዴት እንደሚሞት ነው። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። የእኛዋ በወራት አለቀች።

ስለዚህ ጥንቸል ያላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ከምትበላው አብዛኛው፣ ከአሥር እጅ ስምንቱና ከዚያ በላይ፣ ሣር ወይም ድርቆሽ ይሁን። ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጥፋ። የሱሉልታ ድርቆሽ ለበዓል በግ እንደሚገዛው ለእሷም ይገዛል። ያልሻገተ፣ ጥሩ ሽታ ያለው ይሁን። ጭድ ለመኝታ ነው፤ ድርቆሽን አይተካም። አልፋልፋ ለግልገሏ ጥሩ ነው፤ ላደገችው ግን ዋና ቀለብ አይሁን።

ከዚያ ቅጠል፦ ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ እኛ ቆርጠን የምንጥለው የካሮት ቅጠልም ጭምር። ሥሩ ከስንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ የድንች ቅጠል በጭራሽ። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ። እስከ ዛሬ ዳቦ ያለመዳችኋት ከሆነም በአንድ ቀን አትገልብጡባት፤ ቀስ በቀስ ቀይሩላት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ስትታመም ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ እንዳታጠጧት። የፔኒሲሊን ዘር መድኃኒት በአፍ ሲሰጣት የሆዷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ስለ ጥንቸል የሚያውቅ መሆኑንም ሳትፈሩ ጠይቁ።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ጥንቸል መሸጣችሁን አልቃወምም። ከካርቶኑ ጋር «ድርቆሽ ስጣት፤ መብላት ካቆመች ነገ አትበል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ይህን መናገር ገበያ አያሳጣም። የሚያሳጣችሁ ገዢ ካለም ያ ሰው ባይገዛ ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ እውነቱን ነገርኳት። «ብስኩቱ ነው። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም፤ ሳልጠይቅ ያመጣኋት እኔ ነኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ግቢያችን ውስጥ እኮ ሣር ነበረ» አለችኝ።

ነበረ።

ጥንቸል ለገዛ ወይም ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ ይህን አስተላልፉለት።