ቀዩን አታጥፉት



ሰሞኑን የዓመቱን ትምህርት ጨርሰው ወደ ክረምት የምርምር ኢንተርንሺፕ የሚገቡ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። አንዳንዶቹ የተመደቡት በሶፍትዌር ፍተሻ ላይ ነው። ቤተሰብ «ምን ልትሠሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ሌሎች በሠሩት ላይ ጉድለት ልንፈልግ» ማለት ያሳፍራቸዋል። ጓደኞቻቸው አዲስ ነገር ሲሠሩ እነርሱ ስህተት ለቃሚ የሆኑ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ሥራው የተከበረ ነው እንላለን። የሚያሰጋን በውስጡ ያለው አንድ ፈተና ነው።

ቴስት ሲያልፍ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ያሳያል፤ ሲወድቅ ቀይ። ቀዩን አረንጓዴ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጉድለቱን አግኝቶ ማረም ነው። ሌላው ቴስቱን ዝም ማሰኘት ነው። የመጀመሪያው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ለሁለተኛው አንድ መስመር ይበቃል።

እኛ በመጀመሪያው ክረምታችን ሁለተኛውን መረጥን። ሁለት ሆነን አንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ገብተን ነበር። ከቴስቶቻችን አንዱ ኮዱን ማንም ሳይነካው አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። «ኔትወርኩ ይሆናል» አልንና እስኪያልፍ ደጋግመን አስኬድነው። የማጠቃለያው ቀን ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ እንዲዘለል አደረግነው። ገለጻችን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር፤ ተጨበጨበልን።

ከወራት በኋላ ቀጥሎን የገባ ተማሪ ምክንያቱን አገኘው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲመዘገቡ የኋለኛው የፊተኛውን መዝገብ ይደመስስ ነበር። ቴስቱ እውነቱን ሲነግረን አፉን የያዝነው እኛ ነን። ማንም አልገሠጸንም፤ ያ ጭብጨባ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት ለካ ለኮድም ይሠራል።

«ከዚህ በፊት ሠርቷል እኮ» የሚል ካለ አርያን 5ን ያስብ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ይህች የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ 40 ሰከንድ ገደማ ተጉዛ ተበታተነች። ከአርያን 4 የተወሰደ የሶፍትዌር ክፍል፣ ከአዲሷ ሮኬት ፍጥነት የመጣውን ትልቅ ቁጥር በተመደበለት ጠባብ ቦታ መያዝ አቃተው። በቀድሞዋ ሮኬት በደህና ስለሠራ፣ በአዲሷ የበረራ መስመር ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ አልተፈተሸም ነበር። የአምናው ማለፍ ለዘንድሮው ምስክር አልሆነም።

ታዲያ አረንጓዴ በሙሉ ይጠርጠር? አዎን፣ ራሱ ቴስቱም ይፈተን። ዴሚሎ፣ ሊፕተን እና ሴይዋርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ አንድ መንገድ አሳይተዋል። በኮዱ ውስጥ ሆን ተብሎ ትንሽ ስህተት ይገባል፤ ለምሳሌ «ይበልጣል» የሚለው «ያንሳል» ይደረጋል። ከዚያ ቴስቱ ይጮህ እንደሆነ ይታያል። ሌባ በፊቱ ሲያልፍ ዝም ካለ፣ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው። ዛሬ ሚውቴሽን ቴስቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ቴስቶቹ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ነክተዋል መባሉም ብቻውን አያሳርፍም፤ መስመሩ መሮጡን እንጂ ውጤቱ ትክክል መሆኑን አይናገርም።

እናንተ ጀማሪዎች፣ ፍርሃታችሁ ይገባናል። ክረምቱ አጭር ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤውም የሚጻፈው በአማካሪያችሁ እጅ ነው። ነገር ግን በምርምር «100 ጊዜ አስኬድነው፣ 7 ጊዜ ወደቀ፣ ምክንያቱን ገና አላገኘንም» ማለት ራሱ ውጤት ነው። ቀኑን፣ የኮዱን ቅጂ፣ ያስኬዳችሁበትን ማሽን በየዕለቱ መዝግቡ። ያልተረዳችሁትን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ በመጨረሻው ሳምንት መጠየቅ ይከብዳል። የሌላውን ጉድለት ስታገኙ ደግሞ ደስ ብሏችሁ አታውጁት፤ በጨዋነት ንገሩት። ኮዱ ተሳሳተ እንጂ ሰውዬው አልረከሰም። ነገ የእናንተም ኮድ በሌላ እጅ ይፈተሻልና።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንንም እየጠየቅን ነው። በቤታችን፣ በአገልግሎታችን፣ በጸሎት ክፍላችን «እንዲዘለል» ምልክት ያደረግንበት ቀይ የለም ወይ? ደጋግሞ ሲያስጠነቅቀን «ኔትወርኩ ይሆናል» ብለን ያለፍነው የኅሊና ድምፅስ? ልብን የሚመረምር ጌታ በአረንጓዴ ስላይድ አይታለልም፤ ቀዩን ይዞ የሚመጣውን ግን አይገፋም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቀዩን አታጥፉት፤ ይዛችሁት ወደ ብርሃን ውጡ።

መልካም ክረምት። ተባረኩ።