ጠንካራ ሥጋ ትዳር አያናጋ!

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ከአዋሽ ሰመራ ገብተናል። የምሠራው የበሬ ሥጋ እንደ ጎማ እየሆነ ባለቤቴ ምሳውን ሎግያ መብላት ጀመረ። ደሞዙ አልበቃን ብሎ ጭቅጭቅ ነው። በቴሌቪዥን ያየሁትን የኮሪያ ታኮ ብሞክርስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሞክሪው እንጂ! ታኮ የሜክሲኮ ነው፤ የኮሪያ ቅመም ገብቶበት የታወቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በመኪና ላይ እየተሸጠ ነው። የሚያስፈልገውም ርካሹ ሥጋ ነው፦ ወርች ወይም ፍርምባ። ጅማቱ ቀስ ብሎ ሲበስል ይለሰልሳል፤ ሲቸኩሉበት ይደርቃል።

1 ኪሎውን በዘይት ጠበስ አድርጊ። ሽንኩርት፣ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 ማንኪያ ስኳርና 2 ኩባያ ውሃ ጨምረሽ፣ ከድነሽ በለዘብተኛ ከሰል 3 ሰዓት ያህል ተይው። ሶሱ ጨዋማ ነውና ጨው ይቅር። በስስ ቂጣ ላይ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ከታሸ ጥቅል ጎመን ጋር አቅርቢ።

ሙቀቱ ሳይብስ በጠዋት ደጅ ላይ ጣጂው። እስክትበሉ ከፍም አይውረድ፤ የተረፈው 1 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ።

ጭቅጭቁንስ? የወሩን የሎግያ ሂሳብ አብራችሁ ደምሩት። እሁድ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን እሱ ይላጥ። የደከመበትን ድስት ጥሎ የሚወጣ ባል ጥቂት ነው።